የቤተሰብ ትዝታም የፊልም ማኅደር ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣዎ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ስለ ደቡብ እስያ ሲኒማ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች ብዙዎቹን እጋራለሁ፤ አንዱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ህንድ ፊልም የሚጽፉ ሰዎች እናታቸው እንዴት እንዳለቀሰች፣ አባታቸው የትኛውን ዘፈን ያንጎራጉር እንደነበረ መተረክ እንደሚያበዙ፣ ይህም ናፍቆት እንጂ ሒስ እንዳልሆነ፣ ሐያሲ የሆነ ሰው የቤተሰቡን ትዝታ ከደጅ ትቶ ወደ ፊልሙ ብቻ መግባት እንዳለበት ጽፈዋል። ምክሩ ለሌላ አገር ሲኒማ ይበጅ ይሆናል፤ ለደቡብ እስያ ሲኒማ ግን የሚበጅ አይመስለኝም። እዚያ የቤተሰብ ትዝታ ፊልሙ የተሠራበት፣ ከጥፋት የተረፈበት፣ አንዳንዴም የተቆረጠበት መሣሪያ ነውና ከደጅ ሊተው አይችልም። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በደብዳቤዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በህንድ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ተብሎ የሚቆጠረው «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» በሜይ 1913 በቦምቤይ ለሕዝብ ሲቀርብ ከጀርባው የነበረው ድርጅት አንድ ቤተሰብ ነበር ማለት ይቻላል። የፊልሙ ዳይሬክተር ዳዳሳሄብ ፋልኬ ለሥራው ገንዘብ ያገኘው የሕይወት መድኑንና የባለቤቱን የሳራስዋቲባይን ጌጣጌጥ ገንዘብ አድርጎ ነው። ሳራስዋቲባይ ጌጧን ሰጥታ አልተቀመጠችም፤ ለተዋንያኑና ለሠራተኞቹ ሁሉ የምታበስለው፣ አልባሳቱን የምታጥበው፣ የጥሬ ፊልሙን ጠርዝ የምትበሳውና በፊልም አጠባው ላይ የምታግዘው እርሷ ነበረች። በፊልሙ ውስጥ የንጉሡ ልጅ ሆኖ የሚታየው የገዛ ልጃቸው ባልቻንድራ ነው። በ1919 በወጣው «ካሊያ ማርዳን» ውስጥ ደግሞ ሕፃኑን ክሪሽናን ሆና የተጫወተችው ሴት ልጃቸው ማንዳኪኒ ነበረች። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ጥበቡ የት ጋ አብቅቶ ቤቱ የት ጋ እንደሚጀምር ለይቶ ለማሳየት የሚችል ሐያሲ ካለ ጽሑፉን በደስታ አነባለሁ።

ከአራት አስርት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ነገር በካልካታ ሆኗል። ሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን ለመሥራት ሲነሳ የሚያምነው ፕሮዲውሰር አላገኘም። በመድኑ ተበድሮ፣ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጦ፣ በመጨረሻም የባለቤቱን የቢጆያን ወርቅ አስይዞ ጥቂት ከቀረጸ በኋላ ገንዘቡ አለቀ፤ በ1952 የተጀመረው ቀረጻ እየቆመና እየተነሳ ሄዶ የተጠናቀቀው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ከሰጠው በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ አሮጊቷን አክስት ሆነው የተጫወቱት ቹኒባላ ዴቪ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበሩ። ሬይ ኋላ ላይ ያንን ጊዜ ሲያስታውስ ቀረጻው በተጓተተባቸው ዓመታት የትንሹ ልጅ ድምፅ አለመጎርነኑን፣ እህቱ ከልጅነት አለማለፏን፣ አሮጊቷም በሕይወት መቆየታቸውን እንደ ተአምር ይቆጥረው ነበር። ቹኒባላ ዴቪ ፊልሙ በ1955 ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት አረፉ። የዚህ ሲኒማ ሁለት ታላላቅ ጅማሬዎች በሚስቶች ወርቅ የቆሙ ሆነው ሳለ አብዛኞቹ የታሪክ መጻሕፍት ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

የሬይ ቤተሰብ ነገር በዚህ አያበቃም። አያቱ ኡፔንድራኪሾር የልጆች ተረት ጸሐፊና አታሚ ነበሩ፤ በ1913 «ሳንዴሽ» የተባለውን የልጆች መጽሔት መሠረቱ። አባቱ ሱኩማር በቤንጋል እስከ ዛሬ ልጆች በቃላቸው የሚወጧቸውን አስቂኝ ግጥሞች ጽፎ፣ ሳትያጂት ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በ1923 ሞተ። ልጅየው አባቱን የሚያውቀው በጽሑፍ፣ በሥዕልና በሌሎች ወሬ ብቻ ነው ማለት ነው። አድጎ ፊልም ሠሪ ሲሆን የአያቱን መጽሔት በ1961 አስነሣ፤ የራሱ ልጅ ሳንዲፕ ለልጆች የሚሆን ፊልም እንዲሠራለት ሲጠይቀው የአያቱን ተረት ወስዶ በ1969 ስለ ሁለት ዘፋኝና ከበሮ መቺ ሞኞች የሚናገረውን ፊልም አወጣ፤ በ1987 ደግሞ ስለማያስታውሰው አባቱ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ ባውቅ ኖሮ፣ «ፓተር ፓንቻሊ» ውስጥ አባትየው ከቤት ርቆ ሲቆይ ካሜራው በር በሩን ለምን እንደሚመለከት ቀደም ብሎ ይገባኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በሰፊው ሕዝብ ዘንድ በተወደደው የሂንዲ ሲኒማም ነገሩ ያው ነው። በ1951 የወጣው «አዋራ» አባት ልጁን የካደበትን፣ ልጅም ወንበዴ ሆኖ አባቱ ፊት የሚቆምበትን ታሪክ ይተርካል። ዳይሬክተሩና ዋናው ተዋናይ ራጅ ካፑር ነው፤ ጨካኙን ዳኛ አባት ሆኖ የሚጫወተው የገዛ አባቱ ፕሪትቪራጅ ነው፤ የልጅነቱን ክፍል የሚጫወተው ታናሽ ወንድሙ ሻሺ ነው፤ በችሎቱ ትዕይንት ላይ በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው ለአፍታ የሚታዩት ሽማግሌ ደግሞ አያቱ ባሼሽዋርናት ናቸው። ከሞስኮ እስከ አፍሪካ ከተሞች ይህን ፊልም ያዩ ሰዎች የተመለከቱት አንድ ቤተሰብ በራሱ ላይ ሲፈርድ ነው። ራጅ ካፑር የተወለደባት ፔሻዋር በ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል ምክንያት በሌላ አገር ውስጥ የቀረች ከተማ መሆኗን ስንጨምርበት ደግሞ ልጅ ከአባት ቤት መባረሩ በዚያ ዘመን ለነበሩ ተመልካቾች ምን እንደሚያስታውሳቸው መገመት አያቅትም።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ። በደቡብ እስያ ፊልም ታሪክ ከተረፈው ይልቅ የጠፋው ይበዛል። ድምፅ አልባ በነበረው ዘመን በህንድ ከ1,000 በላይ ፊልሞች ተሠርተው የተረፉት፣ ቁርጥራጮቹ ሳይቀሩ ተቆጥረው፣ ጥቂት አስሮች ብቻ ናቸው። በማርች 1931 በቦምቤይ ማጀስቲክ ሲኒማ የታየው የመጀመሪያው ባለድምፅ የህንድ ፊልም «አላም አራ» ዛሬ አንድም ኮፒ እንደተረፈ አይታወቅም። ብዙዎቹ ጥቅሎች የጠፉት በቃጠሎና በእርጥበት ብቻ አይደለም፤ በላያቸው ያለውን ብር ለማውጣት በኪሎ ተሸጠው የቀለጡ አሉ። የአገሪቱ ብሔራዊ የፊልም ማኅደር የተቋቋመው በ1964 ነው፤ ያም ማለት ከመጀመሪያው ፊልም ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2003 ማኅደሩ ባለበት በፑኔ ከተማ የተነሳው እሳት ደግሞ ከተሰበሰበው ላይ ዳግመኛ ወሰደ። «ፓተር ፓንቻሊ»ና ሁለቱ ተከታዮቹ የሚገኙበት የሬይ ሦስትዮሽ ፊልሞች ኔጋቲቭ ሳይቀር በ1993 ለንደን ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ቃጠሎ ተጎድቶ፣ ቦሎኛ ላይ በባለሙያዎች እጅ ተጠግኖ እንደገና ለዕይታ የበቃው ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2015 ነው።

እንግዲህ መንግሥት ማኅደር ባልነበረው ጊዜ ማኅደር የነበረው ማን ነው? ማኅደሩን ለሩብ ምዕት ዓመት ያህል የገነቡት ፒ ኬ ናይር የፋልኬን ሥራዎች ፍለጋ ሲወጡ በመጨረሻ የደረሱት የፋልኬ ልጆች ጋ ነበር። ከአገር አገር የተንከራተተውም «ጃጎ ሁዋ ሳቬራ» የዚሁ ምስክር ነው። በ1959 የወጣው ይህ የፓኪስታን ፊልም በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በተባለው በዛሬው ባንግላዴሽ ወንዝ ዳር ባሉ ዓሣ አጥማጆች መንደር የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ኤ ጄ ካርዳር ነው፤ ድርሰቱን የጻፈው ታላቁ የኡርዱ ባለቅኔ ፋይዝ አህመድ ፋይዝ ነው፤ መነሻው የቤንጋሊ ልብ ወለድ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይ ከህንድ የመጣችው ትሪፕቲ ሚትራ ነች። ሦስት አገር ለመሆን የተዘጋጁ ሰዎች ለአንድ ፊልም ተሰብስበው ነበር ማለት ነው። ፊልሙ ብዙም ሳይቆይ ከዕይታ ጠፋ፤ ለአስርት ዓመታትም የነበረው በወሬ ብቻ ነው። ፈልጎ፣ አፈላልጎ፣ ቁርጥራጩን ሰብስቦ ያስጠገነው የፕሮዲውሰሩ የኖማን ታሲር ልጅ አንጁም ታሲር ነው። ፊልሙ በ2016 በካን ፌስቲቫል የጥንታውያን ፊልሞች መርሐ ግብር ላይ ታይቷል። አንድ ልጅ አባቱ ሲናገር የሰማውን ፊልም አምኖ ባይፈልገው ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረው ርዕሱ ብቻ ይሆን ነበር።

ፊልሙን ማየት ያልቻለም ቤተሰብ ዘፈኑን ይጠብቃል። በ1952 የህንድ የማስታወቂያና ብሮድካስቲንግ ሚኒስትር የነበሩት ቢ ቪ ኬስካር የፊልም ዘፈን የሕዝቡን የሙዚቃ ጣዕም ያበላሻል ብለው ስላመኑ የመንግሥቱ ሬዲዮ ዘፈኖቹን ማሰማት አቆመ። ሕዝቡ ወዲያው ሬዲዮውን ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ጣቢያ አዞረ። አሚን ሳያኒ በዚያ ጣቢያ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ የሚያቀርበው የዘፈኖች ምርጫ ፕሮግራም ለአስርት ዓመታት ቤተሰብ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ የሚሰበሰብበት ሰዓት ሆነ፤ የህንድ መንግሥትም በ1957 ቪቪድ ባራቲ የተባለ የመዝናኛ አገልግሎት ከፍቶ ዘፈኖቹን ለመመለስ ተገደደ። ፓኪስታን ከ1965ቱ ጦርነት በኋላ የህንድ ፊልሞችን ለአራት አስርት ዓመታት ያህል ከሲኒማ ቤቶቿ ስታግድም እንዲሁ ሆኗል፤ ሬዲዮውና ኋላ ላይ የቪዲዮ ካሴቱ ሲኒማ ቤቱ የዘጋውን በር በሳሎን በኩል ከፍተዋል። አንዲት የላሆር ልጅ አይታ የማታውቀውን ፊልም ከአያቷ ዘፈን የምታውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የጋዜጣዎ ጸሐፊ «አባታቸው የሚያንጎራጉረው ዘፈን» ያሉት ነገር በዚያ አካባቢ ታሪክ ያለው፣ ሚኒስትር የታገለው ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

እስካሁን የጻፍኩት የቤተሰብ ትዝታ ፊልምን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው፤ ቤተሰብ የሚቆርጠው ነገርም አለና።

በኦገስት 1947 የብሪታንያ ህንድ ለሁለት ስትከፈል ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድንበር ተሻገሩ፤ የሞቱት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንዳንዶች ሚሊዮን ያደርሷቸዋል። በዚያ ያለፉ ቤተሰቦች ስለቀረው ማሳ፣ ስለ ማንጎው ዛፍ፣ ስለ ደግ ጎረቤት ለልጆቻቸው ነግረዋል። ስለ ሌላው ግን ብዙዎቹ ዝም አሉ። ፊልም ሠሪዎቹም ለረጅም ጊዜ አብረው ዝም አሉ ማለት ይቻላል፤ ጉዳዩን ፊት ለፊት የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም አብዛኞቹ የራሳቸው ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ናቸው።

ኤም ኤስ ሳትዩ የሠራውና በኢስማት ቹግታይ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ጋራም ሃዋ» አግራ ከተማ ውስጥ ጫማ የሚያሠራ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚበተን ያሳያል። በፊልሙ አንድም የጅምላ ጭፍጨፋ ትዕይንት የለም። ወንድም ይሄዳል፤ ባንክ ብድር ይከለክላል፤ ቤቱ በሄደው ወንድም ስም ተመዝግቦ ስለተገኘ ሕጉ ይወስደዋል። አሮጊቷ እናት ቤቱን ልቀቁ ሲባል ማገዶ በተከመረበት ጓዳ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ሊሞቱ ሲሉም በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚያው ቤት ይመልሷቸውና ሙሽራ ሆነው በገቡበት ቤት ነፍሳቸው ትወጣለች። ሳንሱሩ ፊልሙ ሁከት ያስነሣል ብሎ ለወራት አግዶት ነበር። የዚህን ቤተሰብ አባወራ ሆኖ የተጫወተው ባልራጅ ሳህኒ ራሱ በክፍፍሉ ከቀረችው ከራዋልፒንዲ የመጣ ሰው ነው፤ በኤፕሪል 1973 ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ቢሻም ሳህኒ ደግሞ ስለዚያው ዘመን «ታማስ» የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ጎቪንድ ኒሃላኒ በ1988 ለቴሌቪዥን ሲሠራው ደራሲው ራሱ ከቤታቸው ከሚፈናቀሉት ሽማግሌዎች አንዱን ሆኖ ተጫወተ። ሁለቱ ወንድማማቾች በየራሳቸው መንገድ ወደ አንዲት የጠፋች ከተማ ነው የተመለሱት።

ሪትዊክ ጋታክ ከሁሉም የመረረው ነው። በ1925 ዳካ ውስጥ ተወልዶ ቀሪ ዕድሜውን ካልካታ ውስጥ የኖረው ይህ ሰው ክፍፍሉን ይቅር ብሎት አያውቅም። በ1961 በሠራው «ኮማል ጋንዳር» ውስጥ ወንዝ ዳር የቆሙ ሁለት ሰዎች ማዶ ያለውን የቀድሞ አገራቸውን ይመለከታሉ፤ ወዲያው ካሜራው በባቡር ሐዲዱ ላይ ወደፊት ይሮጥና ሐዲዱ ተቆርጦ ካበቃበት ሲደርስ ማያው በድንገት ይጨልማል። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሠራው «ሜጌ ዳካ ታራ» ግን ለእኔ ይበልጣል። ኒታ በስደተኞች ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ታላቋ ሴት ልጅ ነች፤ ትምህርቷን ትታ ሁሉንም ትመግባለች። እናትየው ይህች ልጅ ካገባች ቤቱ እንደሚራብ ስለሚያውቁ የሚወዳት ሰው ወደ ታናሽ እህቷ ሲዞር እያዩ ዝም ይላሉ፤ እንዲያውም ያግዛሉ። ኒታ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ተራራ ላይ ባለ ሆስፒታል ሊጠይቃት ለመጣው ወንድሟ መኖር እንደምትፈልግ ስትጮህ ተራሮቹ ድምፅዋን ያስተጋባሉ። ስደት ቤተሰብን ያቀራርባል የሚለውን የተለመደ ትረካ ጋታክ እንደዚህ ነው ያፈረሰው። ደግ እናትን ክፉ ሳያደርግ፣ ድህነት እናትን ምን እንድትመርጥ እንደሚያስገድዳት አሳየ፤ በየቤቱ የሚታወቅ፣ በየቤቱ የማይወራ ነገር ነው።

የማይወራው ነገር እስከየት እንደሚደርስ ያሳየችው ግን ፓኪስታናዊቷ ሳቢሃ ሱማር ናት። በ2003 ሎካርኖ ፌስቲቫል ላይ ወርቃማውን ነብር ያሸነፈው «ካሞሽ ፓኒ» በ1979፣ በወታደራዊው ገዥ በጄኔራል ዚያ ዘመን፣ በአንድ የፑንጃብ መንደር ይጀምራል። ልጇን ብቻዋን የምታሳድገው መበለት አይሻ ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን የምታስቀራ የተከበረች ሴት ናት፤ አንድ ነገር ብቻ አታደርግም፣ ከጉድጓዱ ውኃ አትቀዳም። በ1947 የሲክ ቤተሰቦች ሴቶቻቸው በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ወደ ጉድጓድ ዘልለው እንዲሞቱ ሲያደርጉ እርሷ አልዘልልም ብላ ሸሽታ ነበር፤ ስሟም ሃይማኖቷም ሌላ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲክ ተሳላሚዎች ወደ መንደሩ ሲመጡ ወንድሟ ይፈልጋታል፤ በአክራሪዎች የተማረከው ልጇም ማንነቷን ይሰማል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በ1947 ፑንጃብ ውስጥ በእውነት የሆነ ነው፤ በየቤተሰቡ ሲነገርም የሞቱት ሴቶች እንደ ጀግና ሰማዕታት ይወሱ ነበር። በሕይወት ስለተረፈችው ግን የሚናገር አልነበረም፤ የተረፈችው ሴት የቤተሰቡን ክብር የሚያፈርስ ምስክር ነበረችና። የተቆረጠውን ትዝታ ፊልሙ መልሶ ቀጠለው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ህንዳዊቷ ኪሮን ኬር መሆኗም ነገሩን ይበልጥ ያጠናክረዋል።

እዚህ ላይ የጋዜጣዎ ጸሐፊ የተቹትን ነገር ላደርግ ነውና አዘጋጁ ይታገሱኝ፤ ስለ እናቴ እጽፋለሁ። እናቴ ወጣት ሳለች በ1957 የወጣውን የመህቡብ ካንን «ማዘር ኢንዲያ» አይታዋለች፤ ሂንዲ አታውቅም፣ ታሪኩን ግን ለእኛ ለልጆቿ ደጋግማ ተርካልናለች። ራዳ በሬዎቿ ሲያልቁ ሞፈሩን በትከሻዋ እንዴት እንደጎተተች፣ አራጣ አበዳሪው የወሰደውን የእናቱን የወርቅ አምባር ለማስመለስ ትንሹ ልጅ ቢርጁ እንዴት እንደሸፈተ ስትነግረን እጇን አምባሩ በሚሆንበት ቦታ ትይዝ ነበር። በእርሷ ትረካ ቢርጁ በመጨረሻ ፈረሱን ጋልቦ ያመልጣል። ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ፊልሙን ሳየው ግን ቢርጁ አያመልጥም። የመንደሩን ሙሽራ ጠልፎ ሲጋልብ የገዛ እናቱ ጠመንጃ አንስታ ትተኩስበታለች፤ በእቅፏም ይሞታል። እናቴን ይህን ስጠይቃት ረስታው አልነበረም። «እናት ልጇን ስትገድል ለልጅ አይነገርም» አለችኝ።

የጋዜጣዎ ጸሐፊ የሰው ትዝታ ስለማይታመን ለሒስ አይጠቅምም ይሉ ይሆናል። እኔ ደግሞ አለመታመኑ ራሱ ይጠቅመኛል እላለሁ። የፊልሙ ዳይሬክተር የመንደር ክብር ከልጅ ሕይወት እንደሚበልጥ፣ የአዲሲቱ ህንድ እናት ሕግን ከማህፀኗ ፍሬ እንደምታስቀድም ለማስተማር ታሪኩን ሁሉ ወደዚያ ጥይት ነው የሚነዳው። በሌላ አህጉር ያለች፣ ቋንቋውን የማታውቅ ሴት ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ተቀብላ ያንን አንድ ነጥብ ብቻ አልቀበልም ማለቷ ስለ ፊልሙ ክርክር ጥንካሬና ድክመት ከብዙ መጣጥፍ የበለጠ ይነግረኛል። ደግሞም የትኛው ነገር ሳይቆረጥ እንደቀረ ልብ ይበሉ፤ አምባሩ ነው። ለሠርግ በተወሰደ ብድር ምክንያት የሴት ወርቅ በሰው እጅ መግባቱን ለማወቅ ሂንዲ አላስፈለጋትም።

ትዝታ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊዎ ጋር እስማማለሁ። በ1990ዎቹ የሂንዲ ሲኒማ የቤተሰብን ትዝታ እንደ ሸቀጥ መሸጥ ተምሯል። 14 ዘፈኖች ያሉት፣ ሠርግና ልደት በማያልቅ ሰንሰለት የሚከተሉበት በ1994 የወጣው ታላቅ ተወዳጅ ፊልም፣ ከእርሱም በኋላ በውጭ አገር የሚኖሩ ህንዳውያንን ናፍቆት እያሰሉ የተሠሩት ፊልሞች ማንም ሰው ያልኖረበትን ትልቅ ቤት ሁሉም ሰው እንዲናፍቀው አደረጉ። በዚያ ቤት ውስጥ ዕዳ የለም፣ ሠራተኛው ደስተኛ ነው፣ ጉድጓድም የለም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የኬረላው አዱር ጎፓላክሪሽናን በ1981 የሠራው «ኤሊፓታያም» ለእኔ እንደ መድኃኒት ነው። የአንድ ባላባት ቤት ወራሽ ከእህቶቹ ጋር ይኖራል፤ ወራሹ እንኳንስ ሌላ በጭቃ ላይ ለመራመድ የማይደፍር ሰው ነው፤ አይጥ ይያዛል፣ ይሰምጣል፣ ሌላ አይጥ ይያዛል። ሁለተኛዋ እህት በዝምታ እያገለገለችው ታልቃለች። የስሪላንካው ሌስተር ጀምስ ፔሪስ በ1963 በሠራውና ያን ጊዜ ባለቤቱ ልትሆን ጥቂት የቀራት ሱሚትራ ባቀናበረችው «ጋምፔራሊያ» ውስጥም የሚወድቅ ባላባት ቤት አለ፤ የእርሱ ዓይን ግን ይራራል። ሁለቱን አከታትሎ ማየት የቤተሰብ ትዝታ ምን ያህል የተለያየ ፍርድ ሊሰጥ እንደሚችል ለመረዳት ይበቃል።

የባንግላዴሹን ዛሂር ራይሃንን ሳልጠቅስ ማቆም አልችልም። ፊልም ሥራን የጀመረው ከላይ በጠቀስኩት «ጃጎ ሁዋ ሳቬራ» ላይ ረዳት ሆኖ ነው። በ1970 «ጂቦን ቴኬ ነያ»ን ሲሠራ ያን ጊዜ አገሩን ይገዛ የነበረውን የፓኪስታን ወታደራዊ መንግሥት ስም መጥራት ስለማይችል የአንድ ቤት ታሪክ አደረገው፤ የቤቱን ቁልፎች በወገቧ ላይ አንጠልጥላ ባሏንና ወንድሞቿን የምትገዛ አንዲት ሴት አለች፤ ቤተሰቡም ቁልፉን ከእርሷ ለመውሰድ ይታገላል። ዳካ ውስጥ ያዩት ሁሉ ቁልፉ የማን እንደሆነ አውቀዋል። በፊልሙ ውስጥ የሚዘመረው የቤንጋሊው ባለቅኔ የታጎር መዝሙር በኋላ የነጻይቱ አገር ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ደራሲው ሻሂዱላ ካይሳር በዲሴምበር 1971፣ ነጻነቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቤቱ ተወሰደ። ዛሂር በጃንዋሪ 30 ቀን 1972 ወንድሙን ሊፈልግ ወደ ሚርፑር ሄዶ አልተመለሰም። የሁለቱንም አስከሬን ያገኘ የለም። ይህን ሰው ከቤተሰቡ ነጥሎ ፊልሙን ብቻ መተንተን የሚቻል አይመስለኝም፤ ቢቻልም አላደርገውም።

ስለዚህ ለጋዜጣዎ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ስለ ደቡብ እስያ ፊልሞች አንባቢዎች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚልኩበት ትንሽ ዓምድ፣ ለጥቂት ጊዜ እንኳን ቢሆን፣ ቢከፈት መልካም ነው። ናፍቆት ብቻ እንዳይሆን ጥያቄዎቹ ቁርጥ ያሉ ይሁኑ፤ ፊልሙ የትኛው ነው፣ መቼና ከማን ጋር ታየ፣ ቋንቋውን ሳያውቁ ታሪኩን ማን አስረዳቸው፣ በቤት ውስጥ ሲተረክ የትኛው ትዕይንት ይበዛል፣ የትኛውስ ይዘለላል። የድሮ የፖስተር ወረቀት ወይም የዘፈን ካሴት ያለው ሰው ሳይጥለው ፎቶግራፉን ቢልክም ይጠቅማል። የሚመጡትን ጽሑፎች ከፊልሞቹ ጋር እያመሳከርኩ ልዩነቱን ለመጻፍ ያለ ክፍያ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጽሑፋቸውን የተቃወምኩት ጸሐፊም በዚህ ሥራ ቢተባበሩኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ስለ ፊልም የምጽፍ የጋዜጣዎ አንባቢ